የእናቴ አንገት

ሕልሙን ያየሁት ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ፎቶ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ሌላው ሰው ሌሊት አልጋው ላይ ሆኖ ያልማል። እኔ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ አንዲት ፎቶ ላሳጥብ ሄጄ፣ ንዴቱም ጥበቃውም ተደራርቦብኝ እዚያው ሸለብ አደረገኝ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከሕልሙ በፊት ያለውን ልንገራችሁ። ላቀው እባላለሁ። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ ፎቶ አነሣለሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልጠየቀኝም። ከአንድ ባልደረባዬ በገዛኋት አሮጌ ካሜራ ወፍ፣ ገደል፣ የደረቀ ወንዝ ሳነሣ እውላለሁ። ካነሣኋቸው ስምንት ሺህ ፎቶዎች ውስጥ የእናቴ አንዲት ብቻ ናት። ካሜራ ሳወጣ “ቆይ ቀሚስ ልቀይር” ብላ ትገባና በዚያው ትቀራለች።

አምና በፋሲካ ማግስት ግን ራሷ ጠራችኝ። ጭቃው ግድግዳ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ከአንገቷ አወረደችና “ይኸን አንገቴን አንሣው” አለችኝ። ከአገጯ ሥር ጀምሮ የወረደ ንቅሳት አላት። ሰባት ረድፍ ነው፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ መስቀል አለው።

“ዘጠኝ ዓመቴ ነበር” አለች። “እናቴ ጭንቅላቴን ይዛ ነው ያስነቀሰችኝ። ሦስት ቀን አልቅሸበታለሁ። ከኔ ጋር አፈር እንዲበላው አልፈልግም።”

አነሣሁት። በሕይወቴ ካነሣሁት ሁሉ የተሻለው እሱ ነው።

እናቴ ወይዘሮ አትጠገብ ካረፈች ሠላሳ ስምንት ቀን ሆኗታል። እሑድ አርባዋ ነው። እህቴ ይርገዱ ድንኳኑ ውስጥ የሚቆም ትልቅ ፎቶ አሳጥብ አለችኝና ፍላሼን ይዤ ሳቂታ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ፎቶው ያለው እዚያች ፍላሽ ላይ ብቻ ነው። ከካሜራው ላይ ራሴ አጥፍቼዋለሁ፤ ለወፎች ቦታ ላስለቅቅ ብዬ።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ምኒችል ይባላል። ትሑት ሰው ነው፤ ሰውን የሚያናድደውም ይኸው ትሕትናው ነው። ሰኞ ዕለት እንደ ዱቄት የነጣች ሴትዮ አሳጥቦ ሰጠኝ። “እናቴ ጠይም ናት” አልኩት። “ብርሃን ጨመርኩላት ቲቸር” አለኝ። ረቡዕ ቀለሟን መልሶላት ነበር፤ ግድግዳው ግን የለም። በግድግዳው ፈንታ ፏፏቴ አስገብቷል። “ፏፏቴ ሥር በርጩማ አውጥታ ምን ትሠራለች?” አልኩት። “ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ፣ እንግዳ ሲያየው ደስ አይልም ብዬ ነው” አለኝ። ትናንት ለሦስተኛ ጊዜ ሄጄ ባንኮኒውን ተደግፌ፣ ለሰነፍ ተማሪ እንደማደርገው ቃል በቃል ነገርኩት። ፊቷን አታንጣ። ግድግዳውን አትንካ። የፊቷን መጨማደድ አታጥፋ።

“ገብቶኛል ቲቸር። ጨርሼ አመጣልዎታለሁ፤ ይቀመጡ” አለና መጋረጃውን ገልጦ ገባ።

አጠገቤ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሡ የመጡ ናቸው። ሙቀቱ ስለበዛባቸው ነጠላቸውን አላልተውታል፤ አንገታቸው ላይ እንደ እናቴ ያለ ንቅሳት ይታያል። ማንጎላጀቴን አይተው “ተኛ ልጄ፣ ሲጠራህ እቀሰቅስሃለሁ” አሉኝ። እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ።

በሕልሜም ያው ፎቶ ቤት ውስጥ ነኝ። ወንበሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ግን ፎቶዎች ናቸው። ትልልቁ እግሩን አነባብሯል፤ ትንንሹ መሬት ላይ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ ደግሞ በፍሬም በፍሬም ሆነው ሰዎች ተሰቅለዋል። አንዱን አወቅኩት፤ የሰፈራችን ባለ ወፍጮ ነው።

“ላቀው፣ እባክህ ጀርባዬን እከክልኝ” አለኝ።

እጄን ስሰድ መስታወቱ ከለከለኝ። “ከመቼ ጀምረህ ነው እዚህ ያለኸው?” አልኩት።

“ከተመረቅኩ ጀምሮ” አለ። እኔ እስከማውቀው ከምንም ተመርቆ አያውቅም፤ ጥቁር ካባ ግን ለብሷል፤ ከኋላውም መጻሕፍት ተደርድረዋል።

በዚህ መሐል መዳፍ የማትሞላ አንዲት ጉርድ ፎቶ ባንኮኒውን መደብደብ ጀመረች። አንድ ረጅም ሰውዬ በእጇ ይዛለች።

“ይኸን ሰውዬ እዚህ ነው ያሳጠብኩት። እኔን አይመስልም” አለች።

ምኒችል እጅ ነሥቶ ተቀበላት። ሰውዬውን አገላብጦ አየውና “ችግሩ ጆሮው ነው እመቤቴ። ቀኙ ከግራው ይበልጣል” አለ። መቀስ አነሣና ትርፉን ቆረጠው። ሰውዬው “እግዜር ይስጥልኝ” አለ። ሰውዬው ማመስገኑ ከመቀሱ በላይ አናደደኝ።

ከጥግ ሳቅ ሰማሁ። በእውኑ ዓለም ሳቂታ ፎቶ ቤት ሚስማር ላይ የሚውል አንድ ጥቁር ኮት አለ። የከተማችን ወንድ ሁሉ በመታወቂያው ላይ ለብሶ የሚታየው ያንኑ ኮት ነው፤ ክራባቱም ያው ነው። በሕልሜ የሳቀው ይኸው ኮት ነው፤ መስታወት ፊት ቆሞ ወንዶችን ይለካል። ሚስማሩ ላይ የተንጠለጠሉትን አንድ በአንድ ያወርድና ይሞክራቸዋል። አንዱን “ትከሻው ይጠበኛል” ብሎ አሽቀነጠረው። ሌላውን “ሆዱ ይጎትተኛል” አለው። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ።

“ይኸስ ምንድን ነው?”

“መምህር ነው” አለው ምኒችል።

“ተወው፤ ክርኑ አልቋል።”

ሃያ ሦስት ዓመት ጠመኔ ስበላ ኖሬ አንድ ኮት በሦስት ቃል ጨረሰኝ። “እኔ ልለካ አልመጣሁም፤ እናቴን ፈልጌ ነው” አልኩ።

ምኒችል ከላይ እስከ ታች አየኝ። “ባክግራውንድዎ የት አለ ቲቸር? ባዶ ጀርባ ይዘው ነው እንዴ የሚዞሩት? በዚህ ሁኔታ ላስተናግድዎት አልችልም።”

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ ብቻ መንገድ ላይ ነኝ። ሰው ሁሉ ጀርባው ላይ በሁለት እንጨት የተወጠረ ሸራ ተሸክሟል። ጎረቤቴ የጽጌረዳ አትክልት ተሸክሞ አለፈ። ገበያ የምትወርድ ሴትዮ ባለ ሦስት ፎቅ ቪላ ከነመኪናው አዝላ ታቃስታለች። ንፋስ ሲመጣ ሸራው ይወጠርና ሰዉን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ሆኖም አውርዶ የሚጥል አልነበረም።

የባሕር ዳርቻ የተሸከመ ፖሊስ አስቆመኝ።

“ባክግራውንድ።”

“የለኝም።”

“ሰው ከኋላው ምንም ሳይኖረው እንዴት ይሄዳል?”

“ከኋላዬ የመጣሁበት መንገድ አለ” አልኩት።

“እሱ አያምርም” አለና ክንዴን ይዞ ወሰደኝ።

የምንሄድበት መንገድ አዲስ አስፋልት ነው፤ መስመሩ ሳይቀር ተቀብቷል። ገና አንድ እርምጃ ስረግጥ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። አስፋልቱ የተሣለ ነው።

“ጭቃ ነው እኮ” አልኩ።

“ጭቃ የለም” አለኝ ፖሊሱ። እሱም እስከ ጉልበቱ ሰምጧል። አንዱን እግሩን በሁለት እጁ እየነቀለ “ጭቃ ድሮ ቀረ” አለ፤ ጫማው እዚያው ቀረ።

የመብራት ሽቦ ላይ ጋጋኖ የሚባሉት ወፎች ተደርድረው አየሁ። እያንዳንዳቸው አንገታቸው ላይ ካሜራ አንጠልጥለዋል። እንዳዩኝ ሁሉም ወደ እኔ አነጣጠሩ።

“ዝም ብለህ ቁም፤ አትብረር” አለኝ አንዱ።

“በምን ክንፌ እበራለሁ?” አልኩት።

“ሁልጊዜ እናንተ ስትቀርቡ የምንበር እኛ ነን። ዛሬ ተራው የኛ ነው።” ደጋግሞ አነሣኝ። ከዚያ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ በጨዋ ድምፅ “ቦታ ያስለቀቅክልን አንተ ነህ አይደል? እናመሰግናለን። እናትህ የነበረችበት ቦታ ለሠላሳ ሁለት ወፍ በቅቷል” አለኝ።

ድንጋይ ፈለግኩ። መሬቱ የተሣለ ስለሆነ የሚነሣ ድንጋይ አልነበረም።

ፖሊሱ ያደረሰኝ አንድ ቢሮ ነው። በሩ ላይ “የመልክ ማስተካከያ ጽሕፈት ቤት” ይላል። ሠራተኞቹ ውጭ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል፤ ፋይላቸውን ታቅፈው ላባቸው ይንጠፈጠፋል። ባለጉዳዮቹ ውስጥ ናቸው፤ በየመስኮቱ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። አንድ ጋቢ የደረቡ ገበሬ የቢሮውን ኃላፊ ቀና ብለው ሳያዩት “ሲስተም የለም” አሉት።

“አባቴ፣ ከጠዋት ጀምሮ እኮ ቆሜያለሁ” አለ ኃላፊው።

“ነገ ና። ነገም ከሌለ ሰኞ።”

እዚህ ላይ ሕልሙን ወድጄው ነበር፤ አልዋሽም። ገበሬው አዩኝና “ቲቸር፣ አንተ ግባ” ብለው በጎን በር አስገቡኝ።

የገባሁበት አዳራሽ እንደ ፈተና ክፍል ሰፊ ነው። ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ሴቶች በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ቀሚሳቸው አንድ ነው፤ ፊታቸው አንድ ነው። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ለስላሳ፣ ሁሉም ፈገግ ያሉ ናቸው። በመካከላቸው ወንዶች ልጆቻቸው ይዘዋወራሉ። ከጎልማሳዎቹ አንዱ የመጀመሪያዋን እጅ ያዘና “እማ፣ እንሂድ” አላት። ሌላው የፈለጋት ብትርቅበት የቀረበችዋን ወሰደ።

“እናትህ እሷ መሆኗን በምን አወቅክ?” አልኩት።

“ታምራለች” አለኝ።

አንድ ግዙፍ ፍሬም ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ውስጡ ያለው ዳኛ ጉንጩ እንደ ሸክላ ያብለጨልጫል፤ አፍንጫውን በጣም ከማለስለሳቸው የተነሣ ቀዳዳ የለውም። በአፉ ብቻ ነው የሚተነፍሰው።

“ምረጥና ውጣ” አለኝ።

“የኔ እናት ከነዚህ ውስጥ አይደለችም። የኔ እናት ጠይም ናት።”

“ነበረች።”

“ፊቷ የተጨማደደ ነው። ከላይ አንድ ጥርስ የላትም።”

“ቅሬታህ ተመዝግቧል፤ ጥርሱ ተተክቷል። የዚህ ከተማ እናቶች በሙሉ ተስተካክለዋል። ካንተ በቀር አቤት ያለ የለም። ማንኛዋም ትሆንሃለች።”

“ማንኛዋም አትሆነኝም” አልኩ። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ጮህኩ። በክፍል ውስጥ እንኳ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። “ዘጠኝ ወር የተሸከመችኝ ማንኛዋም አይደለችም። አንገቷን አሳዩኝ። አንገቷ ላይ ሰባት ረድፍ አለ።”

ከሴቶቹ መሐል አንድ ድምፅ “ላቀው፣ ልጄ፣ ምሳ በልተሃል?” አለ።

የእሷ ድምፅ ነው። ዞርኩ። ሦስት መቶ ሴቶች በአንድ ዓይነት ፈገግታ አዩኝ። ማንኛዋ እንደተናገረች መለየት አቃተኝ። በረድፉ መሐል መሮጥ ጀመርኩ። የአንዷን ነጠላ ዝቅ አድርጌ አየሁ፤ ባዶ ነው። የቀጣይዋንም አየሁ፤ እንደ ሳህን የነጣ ነው። ሠላሳውን፣ ሃምሳውን ገለጥኩ። እያንዳንዷ ስትገለጥ “ይቅርታ እናቴ” እላለሁ፤ እያንዳንዷም “ምንም አይደል ልጄ” ትላለች። ማልቀስ አማረኝ፤ ንዴቱ ግን እንባውን ቀደመው።

መጨረሻ ላይ፣ ጥጉ ጋ፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ የተሸፋፈነች አንዲት ነበረች። ከኋላዋ ጭቃ ግድግዳ አለ። ጠጋ ብዬ ገለጥኩት። ሰባቱም ረድፍ አለ። መስቀሉም አለ። ፊቷም የራሷ ነው፤ ጥርሷም እንደጎደለ ነው።

“አገኘሁሽ” አልኳት።

“አንሣኝ እንጂ፤ ምን ታፈጣለህ?” አለችኝ።

ካሜራዬን ፈለግኩ፤ የለም። እውነት መሆኗን ላረጋግጥ ብዬ አውራ ጣቴን አንገቷ ላይ አሳረፍኩ። የነካሁት ረድፍ ጠፋ። ደንግጬ ልመልሰው ስሞክር ሁለተኛው ጠፋ። እጄን ልሰበስብ ብል እንቢ አለኝ። በራሱ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል፤ በሄደበት ሁሉ ያጸዳል። ከኋላዬ ዳኛው፣ ፖሊሱ፣ ኮቱ፣ ጋጋኖዎቹ ቆመው “ጎበዝ ቲቸር፣ ትንሽ ወደ ግራ” ይሉኛል። እናቴ አልጮኸችም። “ቀስ በል ልጄ፤ ያማል” ብቻ አለች። መስቀሉ ላይ ስደርስ በሙሉ ኃይሌ ጮህኩ።

“ልጄ፣ ልጄ፣ ተነሥ። ደርሶልሃል።”

አሮጊቷ ትከሻዬን እየነቀነቁኝ ነው። ምኒችል ትልቅ ፍሬም በሁለት እጁ ይዞ ፊቴ ቆሟል። ፊቱ በደስታ በርቷል።

ፎቶውን አየሁት። እናቴ ጠይም ናት። መጨማደዷ አንድም አልጠፋም። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ስንጥቁ ሳይቀር አለ። ላቅፈው ምንም አልቀረኝም። “አንተ ሰው፣ እግዜር ይስጥህ” ልል አፌን ከፈትኩ።

ያን ጊዜ አንገቷን አየሁት። ባዶ ነው። የአንዲት ልጃገረድ አንገት ነው የሚመስለው።

“አንገቷስ?” አልኩ።

“አጸዳሁልዎት ቲቸር” አለኝ። “ያሉኝን ሦስቱንም አልነካሁም። ይኼ ግን ለአርባዋ አያምርም ብዬ ነው። በጣም አስቸገረኝ፤ አንድ በአንድ ነው ያጠፋሁት።”

“ምኒችል፣ እሱን ብዬ እኮ ነው ያነሣሁት። እሱን አንሣልኝ ብላኝ ነው።”

ነገሩ አልገባውም። ከበሩ በላይ የተሰቀለ ትልቅ ፎቶ አሳየኝ። አንገቷ የለሰለሰ አንዲት ሴት በወርቃማ ፍሬም ውስጥ ሆና ታየናለች። “የኔንም እናት እንዲህ ነው ያጸዳኋት። የመጀመሪያ ሥራዬ እሷ ናት። ነፍሷን ይማረውና ብታይ ደስ ይላት ነበር” አለኝ።

ይኸን ሁሉ ንዴት ይዤ ምን እንደማደርገው ጠፋኝ። ሌባ ቢሆን እከሰው ነበር። ሰካራም ቢሆን እሰድበው ነበር። ወዶኝ፣ አክብሮኝ፣ በገዛ እናቱ የሠራውን ለእናቴ ሠራላት።

“ፍላሼን ስጠኝ” አልኩት። “ሌላ ቦታ አሳጥበዋለሁ።”

ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። “እሱም ላይ አስተካክዬልዎታለሁ፤ ሌላ ጊዜ ሲያሳጥቡ እንዳይቸገሩ።”

“የድሮውስ?”

“የድሮው ምን ይሠራልዎታል? እሱኑ አጥፍቼ በቦታው ይኼን አስገባሁ።”

ከካሜራው ላይ ማን እንዳጠፋው አልነገርኩትም። ፍሬሙን ታቅፌ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ምኒችል መጋረጃውን ከፈተና ወደ አሮጊቷ ዞረ። “እማማ፣ ይግቡ፤ ተራዎ ነው” አላቸው።

አሮጊቷ ተነሡ። መጀመሪያ እጄ ላይ ያለውን ፎቶ አዩ፤ ከዚያ ከበሩ በላይ ያለውን አዩ። ላልቶ የነበረውን ነጠላቸውን ሳብ አድርገው እስከ አገጫቸው ጠቀለሉት።

“እማማ፣ አይሸፍኑት” አልኳቸው።

“ልጁን ላላደክመው ብዬ ነው” አሉኝና ገቡ።